ያጨበጨቡላት ልጅ

ኢንስፔክተሯ አዳራሹ ስትደርስ ሙዚቃው ገና አልጠፋም ነበር። ሁለት መቶ ያህል እንግዳ በረንዳው ላይ ፈሷል፤ ግማሹ ስልኩን ያያል፣ ግማሹ መኪናውን ከግቢ ለማውጣት ከጥበቃዎች ጋር ይጨቃጨቃል። መድረኩ ላይ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት አዲስ የመስታወት ማቀዝቀዣ አጠገብ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። የለበሰችው ነጭ ቀሚስ ከመሳሳቱ የተነሣ ልብስ ለማለት ይቸግራል። ፀጉሯ ላይ ከብልጭልጭ ወረቀት የተሠራ ዘውድ ተሰክቷል። አንድ ሰው አዝኖላት የጠረጴዛ ልብስ አልብሷታል።

«ሙዚቃውን አጥፉት» አለች ኢንስፔክተሯ።

ቀድሟት የደረሰው ሃምሳ አለቃ ነገሩን በአጭሩ ነገራት። ድርጅቱ ማቀዝቀዣ ይሸጣል። ዛሬ ሠራተኞቹንና ደንበኞቹን ምሳ ጠርቶ አዲሱን ዕቃ ያስተዋውቅ ነበር። ልጅቷ ለዕለቱ የመጣች ሞዴል ናት። «የብርድ ንግሥት» ተብላ መስታወቱ ውስጥ ቆማ፣ ከእግሯ ሥር ከደረቅ በረዶ የሚወጣ ነጭ ጭስ እየከበባት፣ መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ አምስት ደቂቃ ፈገግ እንድትል ታዛለች። ከዚያ የጀርባው በር ከውጭ ተከፍቶላት ወጥታ፣ ዞራ ወደ መድረኩ ፊት መጥታ፣ ማይክ ተቀብላ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መስታወቱን ማንኳኳት ጀመረች። ሰዉ የትርዒቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። ስትንበረከክ ፉጨት ሆነ። ስትወድቅ የመድረክ መሪው «አያችሁ፣ ለእናንተ ቀለጠች» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሻይ የምታቀርብ አንዲት ሴት ትሪዋን ጥላ ባትጮህ ኖሮ ማን ይነቃ እንደነበር እንጃ።

«ደረቅ በረዶ ሲቀልጥ ውሃ አይሆንም፤ ይተናል» አለ ሃምሳ አለቃው። «ትነቱ በተዘጋ ቦታ ሰው ይገድላል ብሎኛል መጥቶ ያያት ሐኪም። በሩ ደግሞ ከውስጥ እጀታ የለውም። አደጋ ነው የሚመስለው።»

«ቆይ እስቲ» አለች።

የሥራ ባልደረቦቿ ከኋላዋ የሚጠሯትም በዚሁ ነው፤ «ቆይ እስቲ» ይሏታል። ሃያ ስምንት ዓመት ፖሊስ ሆና ስትሠራ «አደጋ ነው» ሲሏት ወዲያው ተስማምታ አታውቅም። ዛሬ ግን ከጥርጣሬዋ ይልቅ ንዴቷ ነበር የቀደማት። ከሥልጠና የተመረቀች ዕለት በዒላማ ተኩስ አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች፤ አለቆቿ ግን «መልክሽ ጥሩ ነው» ብለው መቀስና ሪባን ያለበትን ትሪ አስይዘው ከእንግዶቹ ጎን አቆሟት። ያን ቀን የዋጠችው ነገር እስከ ዛሬ አልወረደላትም።

ከእንግዶቹ የአንዱን ስልክ ተቀብላ የተቀረጸውን ሦስት ጊዜ አየችው። ልጅቷ መጀመሪያ አላንኳኳችም። ፈገግታዋን ሳትለቅ ተረከዟን ወደ ኋላ ሰዳ በሩን ገፋ አደረገችው፤ እንደሚከፈት እርግጠኛ የሆነ ሰው አገፋፍ ነው። እምቢ ሲላት ዞራ አየችው። ፈገግታዋ የጠፋው ያኔ ነው። ቀራጩ ስልኩን ወደ ታዳሚው ዞር ሲያደርገው ደግሞ የፊት ረድፉ ሁሉ ያጨበጭባል፤ አንድ ሽበታም ሰው ብቻ ቀኝ እጁን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ በግራ መዳፉ ጭኑን ይመታል።

ስልኩን ለሃምሳ አለቃው ሰጠችና ከአዳራሹ ጎን ያለችውን ትንሽ የስብሰባ ክፍል አስከፈተች።

መጀመሪያ የገባው የሽያጭ ኃላፊው ነው፤ ሽቶው ቀድሞት ገባ። ደንግጧል፤ የደነገጠው ግን ለልጅቷ ሳይሆን ለዝግጅቱ ይመስል ነበር። ሴት መስታወት ውስጥ ማቆም የማን ሐሳብ እንደነበር ስትጠይቀው አላንገራገረም።

«የኔ ነው። ማቀዝቀዣ ብቻውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሴት ስትቆምበት ነው ሰው የሚቆመው።»

የውስጡን እጀታ ያስነሣውም እሱ ነው። በልምምዱ ቀን በተነሣው ፎቶ እጀታው ከልጅቷ ወገብ ጎን ብቅ ብሎ «ቅርጿን አበላሸው»፤ ስለዚህ አስፈታው። ቴክኒሻኑ አይሆንም ብሎ ነበር፤ «የአንተ ሥራ ብሎን መፍታት ነው» ብሎ አፉን አስያዘው። ልጅቷ የምትናገረውን ዓረፍተ ነገርም ራሱ ነው የጻፈው፦ «ቅዝቃዜ እንደኔ ሲሆን ያምራል።» ይህን ሲነግራት ፈገግ ሊል ከጅሎት ነበር፤ የኢንስፔክተሯን ፊት ሲያይ ተወው።

«ይህን እንዳትናገር የፈለገ ሰው ነበር?» አለችው።

«ጋሽዬ ብቻ። ትናንት ቢሮዬ መጥቶ ‹ማይክ አይሰጣት፣ ዝም ብላ ቆማ ትውረድ› አለኝ። ለልጅቷ ክብር ብዬ ነው አለ። እምቢ አልኩት፤ ማይክ ስትይዝ ነው ፎቶው የሚያምረው።»

ጋሽዬ የሚሉት የድርጅቱን የሰው ኃይል ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው፤ እሱም ሁሉንም «ልጄ» ይላል።

ቀጥላ ሞዴሎቹን ለየዝግጅቱ የምታቀርበው ሴት ገባች። ልጆቹ ማዳም ይሏታል። ጉልበቷን እያሻሸች ተቀመጠች፤ እሷም በወጣትነቷ አሥራ አምስት ዓመት በተረከዝ ጫማ ቆማለች። ለልጆቹ የምታድለውን መመሪያ ኢንስፔክተሯ ተቀብላ አነበበችው። አትቀመጡ። እንግዳ ፊት ውሃ አትጠጡ። ደንበኛ ቢነካችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩ።

«ጭንቅ ቢላትስ? ቢያማትስ ምን አልሻት?»

ማዳም ወለሉን አየች። «ምንም ቢፈጠር ትርዒቱን እንዳታበላሺ አልኳት» አለች። ልጅቷን በጀርባው በር አስገብታ ወደ አዳራሹ ስትመለስ ቴክኒሻኑ በሩ ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደመጣ አታውቅም። መጋረጃው እስኪከፈት ድረስ ስለ ድርጅቱ የተሠራ ፊልም ይታይ ስለነበር መብራት ጠፍቶ ነበር። ስትወጣ በሩ ጋ ቆም ብላ «እኔንም ያኔ ማንም አልጠየቀኝም» አለች። ኢንስፔክተሯ ቀጣዩን ሰው አስጠራች።

ጋሽዬ ሲገባ መሐረብ ይዞ ነበር። ስልሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ልብሱ ንጹሕ ነው። ኢንስፔክተሯ በዕድሜ ብዙም የማታንሰው ብትሆንም እሷንም «ልጄ» አላት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፊት ረድፍ እንዳልተነሣ ነገራት። የቀረበለትን ሻይ በግራ እጁ አነሣ። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ጫፋቸው ነጥቶ፣ ቅባት ተቀብቷል። ስትጠይቀው ጠዋት ሻይ ፈሶበት እንደሆነ ነገራት።

«ልጅቷ ወይም ሌላ ሴት አቤቱታ አቅርባ ታውቃለች?»

«የኛ ቤት እንደ ቤተሰብ ነው፣ ልጄ። አንድም የሴት አቤቱታ ቢሮዬ ደርሶ አያውቅም።» ዓይኑን ጠረገ። «ጥፋቱ የቴክኒሻኑ ነው። በአንዲት የጎማ ቁራጭ በር ተደግፎ ሰው ውስጥ ይገባል? የሰው ልጅ ሕይወት በጎማ ቁራጭ?»

ኢንስፔክተሯ ስለ የትኛው ጎማ እንደሚያወራ አልገባትም። አልጠየቀችውም። ያለውን ቃል በቃል ጻፈችና አሰናበተችው።

ነገሩ የገባት ቴክኒሻኑ ሲመጣ ነው። ከእሱ አፍ ቃል ለማውጣት ውሃ ሁለት ጊዜ ተቀዳለት። እጀታው ከተነሣ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከአሮጌ የሞተር ቀበቶ አውራ ጣት የሚያህል ጎማ ቆረጠ፤ ልጅቷ ከገባችና ማዳም ከሄደች በኋላ ጎማውን በበሩና በፍሬሙ መካከል ሸጎጠው። በሩ ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ቀረ። «ደረትሽን ከጨነቀሽ በተረከዝሽ ግፊው» ብሏት ወደ መብራት መቆጣጠሪያው ሄደ።

«ስለ ጎማው ለማን ነገርክ?»

«ለሷ ብቻ። በሩ ክፍት መሆኑን የሽያጭ ኃላፊው ቢሰማ ሥራዬን ያሳጣኝ ነበር።»

ስለ በረዶው ጠየቀችው። ስድስት ጡብ አምጥቶ ሁለቱን ብቻ ነው የተጠቀመው፤ ከማቀዝቀዣው ወለል ሥር ከጀርባ በኩል የሚሳብ፣ የሞቀ ውሃ ያለበት መሳቢያ አለ፣ እዚያ ጨመራቸው። አራቱ እዚያው አጠገብ በተቀመጠው ሣጥን ውስጥ ቀርተዋል። በባዶ እጅ የሚነካ ነገር ስላልሆነ ወፍራም ጓንቱና መቆንጠጫው ሁልጊዜ ከቦርሳው አይለዩም፤ ቦርሳው ደግሞ ከትከሻው አልወረደም። ሃምሳ አለቃው ሄዶ አየ። ሣጥኑ ባዶ ነው። የጎማው ቁራጭ ከመድረኩ ጀርባ ባለ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ።

«አሁንም አደጋ ነው የሚመስልህ?» አለችው። ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ።

መጨረሻ ላይ የሟቿ ጓደኛ ቀረበች። ቀይ ቀሚሷ ላይ የሰው ካፖርት ደርባለች። በትርዒቱ ጊዜ ከመድረኩ ሌላ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ እንግዶቹ አድርጋ እንድትቆም፣ አንገቷንም እንዳታዞር ታዛ ነበር። ጭብጨባውን ሰምታለች፤ የተጨበጨበው ለምን እንደነበር ያወቀችው ጓደኛዋ ከወደቀች በኋላ ነው። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

«ከሳች ብለን ሽቦ ነበር የምንላት» አለች። «ነርስነት እየተማረች ነው። ይኼን ሥራ ልትተወው አንድ መንፈቅ ነበር የቀራት።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረች። ከሁለት ወር በፊት በዚሁ ድርጅት የእራት ግብዣ ላይ ጋሽዬ ሽቦን ወደ ጎን ጠርቶ፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ ፎቅ ክፍሉ እየጠበቃት እንደሆነ ነገራት። «ውጪና አጫውቺው፣ ልጄ፤ ድርጅቱ አይረሳሽም» አላት። በወጥ ቤቱ በር ሸሽታ ሄደች። በማግሥቱ አቤቱታ ጽፋ ለራሱ ለጋሽዬ ቢሮ አስገባች፤ መልስ የለም። ሰኞ ዕለት ፊት ለፊቱ ቆማ «ሐሙስ ማይክ ትሰጡኛላችሁ፤ የእናንተን ትቼ የራሴን እናገራለሁ» አለችው። የአቤቱታው ግልባጭ፣ የቢሮው የገቢ ማኅተም እንዳረፈበት፣ ከቦርሳዋ ተገኘ።

«ይኼን ሁሉ እያወቅሽ መጀመሪያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ፣ እትዬ? ፖሊሱ ‹ሞዴሎቹ ወደ ቤት ይሂዱ› ነው ያለው።»

ሃምሳ አለቃው አንገቱን ደፋ። ኢንስፔክተሯ አላየችውም፤ ብታየው ኖሮ የምትለውን አታውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ አራቱንም፣ ጓደኛዋንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበሮቹን ከመስታወቱ ፊት ለፊት አስደረደረች። የሽያጭ ኃላፊው ወንበሩን ወደ ጎን ሊያዞር ሲል «ወደዚያ ይዩ» አለችው፤ አዞረው።

«ልጅቷ በሩን የገፋችው እንደሚከፈት አውቃ ነው» ብላ ጀመረች። «ቴክኒሻኑ ጎማ ሸጉጦ ክፍት አድርጎት ነበር። እኛ ስንመጣ ግን ጎማው አበባ ማሰሮ ውስጥ ነው። በራሱ አልሄደም። ሁለት የነበረው በረዶ ስድስት ሆኗል፤ ይኼም በራሱ አልገባም። ስለዚህ ፊልሙ ሲታይና መብራት ሲጠፋ አንድ ሰው ወደ ጀርባ ሄዶ፣ መሳቢያውን ስቦ አራቱን ጡብ ጨመረ፣ ጎማውን ነቅሎ በሩን ዘጋ። ልጅቷ ፊቷን ወደ መጋረጃው አድርጋ ስለቆመች አላየችውም። ሙዚቃው የበሩን ድምፅ ዋጠው።»

ወደ ጋሽዬ ወንበር ሁለት እርምጃ ቀረበች።

«ያ ሰው ጓንት አልነበረውም። ጓንቱ በቴክኒሻኑ ቦርሳ ውስጥ ነበር። በደረቅ በረዶ ላይ ያረፈ ጣት እንደ እሳት ይቃጠላል። ጋሽዬ፣ እጅዎን ያሳዩ።»

«ሻይ ነው አልኩሽ፣ ልጄ።»

«ሻይ ሲፈስ የእጅን ጀርባ ነው የሚያቃጥለው። የሁለት ጣት ጫፍ ብቻ የሚቃጠለው ሰው የሆነ ነገር ሲያነሣ ነው። ቪዲዮው ላይ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እርስዎ በግራ እጅዎ ጭንዎን ይመታሉ። አሞዎት ነበር፤ አይደል? ቢሆንም ማጨብጨብ አልቀረብዎትም።»

ጋሽዬ የተቃጠሉትን ጣቶች መዳፉ ውስጥ ደበቃቸው።

«ስለ ጎማውም እኔ ሳልነግርዎ ነገሩኝ። ቴክኒሻኑ ለልጅቷ እንጂ ለማንም አልተናገረም። ከፊት ረድፍ አልተነሣሁም ብለውኛል፤ ከፊት ረድፍ ደግሞ የጀርባው በር አይታይም። ጎማውን ያየው የነቀለው ሰው ብቻ ነው።» ግልባጩን አወጣች። «አንድም አቤቱታ ቢሮዬ አልደረሰም አሉ። ማኅተሙ የማን ቢሮ ነው? ማይክ አይሰጣት ብለው የለመኑትስ ለምን ነበር? በዚህ አዳራሽ ሙሉ ቀን ሴቶች ቆመው ይውላሉ፤ ከመካከላቸው አንዷ አፏን እንድትከፍት የተፈቀደላት ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር። እርስዎ ለዚያች ዓረፍተ ነገር ገደሏት።»

ሽማግሌው ፊቱ አመድ መሰለ። ያው ለስላሳ ድምፁ ሳይለወጥ፣ «ራሷን ስታ እንድትወጣ ነበር» አለ። «ለዛሬ ብቻ እንዳትናገር። ሌላ አላሰብኩም።»

«መስታወቱን ስታንኳኳስ? ከሷ አሥር እርምጃ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሮጠው ቢከፍቱላት ትተርፍ ነበር።»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሲያስገባለት ጓደኛዋ ተነሣችና ፊቱ ቆመች። የምትመታው መስሏቸው ማዳም ክንዷን ያዘቻት። ልጅቷ ግን አልመታችውም። «ልጄ በለኝ እስቲ» አለችው። ዓይኑን ሰበረ።

ከወጣ በኋላ የሽያጭ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ማቀዝቀዣው መቼ እንደሚለቀቅ ማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ቅዳሜ የሚረከብ ደንበኛ አለ። ኢንስፔክተሯ ተጠጋችው። ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህን በሥራ ላይ ሲያይባት ለሃምሳ አለቃው የመጀመሪያው ነው።

«ጎማውን የነቀለው እሱ ነው፤ ጎማው ግን መጀመሪያ ለምን አስፈለገ? አንድ ሰው ከውስጥ የሚከፍትበትን እጀታ ለፎቶ ብለው ያስፈቱት እርስዎ ነዎት። ዕቃው ኤግዚቢት ነው፤ አይለቀቅም። እርስዎም ከኔ ጋር ይመጣሉ።»

ወደ ማዳም ዞረች። «አንቺን የምከስበት አንቀጽ የለኝም» አለቻት። «ቢኖረኝ እወድ ነበር።» ማዳም መመሪያው ያለበትን ወረቀት በእጇ ጨምድዳ ይዛ ቀረች።

ጋሽዬ ቃሉን በፊርማው አረጋገጠ፤ የጣቶቹ ቁስል በሐኪም ተመርምሮ ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ። ለክሱ ከዚያ በላይ አያስፈልግም ነበር። ኢንስፔክተሯ ግን የእንግዶቹን ስም ዝርዝር አስመጣችና ለሁለት መቶውም መጥሪያ ጻፈች። አለቃዋ ጠርቷት ይህ ሁሉ ምስክር ለምን እንዳስፈለገ ጠየቃት፤ በሕግ የተመልካች ቃል መቀበል መብቷ መሆኑን ነግራው ወጣች። ሃምሳ አለቃውም ሥራው ሲከብደው «ማስረጃው ሞልቷል እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

እያንዳንዱን ለብቻው እያስገባች፣ ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታሳየው ነበር። ከዚያ አንድ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ «እየሞተች እንደሆነ መቼ ነው የገባህ?» የሚሰጣትን መልስ ጽፋ ታስፈርመዋለች። አንዳንዱ ሙዚቃው ጮሆ ነበር አለ። አንዳንዱ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አይቶ ነው ያጨበጨበው። አንድ ትልቅ ነጋዴ ቪዲዮው ሳያልቅ መጥፋት አለበት ብሎ ተቆጣ፤ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችለት። ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።

በሁለተኛው ቀን የልጅቷ እናት መጣች። በልብስ እጥበት ቤት የምትተኩስ፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ልጇ ማታ ማታ ነርስነት የምትማር፣ ቀን ቀን ደግሞ በቢሮ የምትሠራ ነበር የሚመስላት። ኢንስፔክተሯ ወደ ክፍሏ አስገብታ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት። እናቲቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ካለቀ በኋላ ውጭ የተሰለፉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቀች። ኢንስፔክተሯ ነገረቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቲቱ በየጠዋቱ እየመጣች ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ትቀመጥ ነበር። ተነሺ ያላት የለም። ቃሉን ሰጥቶ የሚወጣ ሰው ሁሉ በሷ ፊት ሳያልፍ መውጫ የለውም። አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። እያንዳንዱ ሲደርስ ቀና ብላ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፦

«አንተም ነበርክ?»

ከሁለት መቶው አንድም አልነበርኩም ያለ አልተገኘም።